የመጽሐፍ ኮድ ይሰጣል እንጂ አይጠይቅም

(ሱለይማኒያ ውስጥ በተደረገው የማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የመጽሐፍ መደርደሪያችን ተጠሪ ያደረገችው ንግግር። ለመምጣት ያልቻሉ አባላት እንዲያነቡት እንዳለ አውጥተነዋል።)

 

እኔ ንግግር የለመድኩ ሰው አይደለሁም። ሰብሳቢያችን «ስለ ኪው አር ኮዱ አንቺ አስረጂን፣ ከዚያ እንወስናለን» ስላለችኝ ነው የቆምኩት። እንዳልረሳ በወረቀት ጽፌው መጥቻለሁ፤ አንገቴን ደፍቼ ካነበብኩ ይቅርታ አድርጉልኝ።

ጉዳዩን ላስታውስ። ከመደርደሪያችን መጻሕፍት እየጠፉ ነው። በዚህ ምክንያት ባለፈው ወር አንድ ሐሳብ ቀርቧል። የመዋሻው ደብተር ይቅር፣ ግድግዳው ላይ ኮድ ይለጠፍ፣ መጽሐፍ የሚወስድ ሰው በስልኩ ስካን አድርጎ ስሙን፣ የኢቃማ ቁጥሩን፣ ስልኩንና የሚሠራበትን ሰፈር ሞልቶ ይውሰድ የሚል ነው። ሐሳቡን ያቀረቡት ለማኅበሩ አስበው ስለ ሆነ ቅር እንዳይላቸው። እኔ ግን አልስማማም። ለምን እንደማልስማማ ለማስረዳት ከመነሻው ልጀምር።

ኮዱን ለምን እንደ ጀመርነው

መደርደሪያው ሲቆም ኮድ የሚባል ነገር አልነበረም። አንድ ደብተርና በክር የታሰረ እስክሪብቶ ብቻ ነበር። የመጣ ሰው ይጽፋል፣ ይወስዳል፣ ሲመልስ ይሰርዛል። ችግሩ የማይመጣው ሰው ነበር። አንዲት እህታችን እዚሁ ሱለይማኒያ፣ ከተህሊያ መንገድ ብዙም ሳይርቅ ትሠራለች። ሰባት ወር ሙሉ አንድም ዓርብ አልወጣችም። ሕጉ የቤት ሠራተኛ በሳምንት ከ24 ሰዓት ያላነሰ ተከታታይ ዕረፍት አላት ይላል። ሕጉ ይላል፣ ቤቱ አይልም። ማታ ማታ በድምፅ መልእክት «እባክሽ የሚነበብ ነገር ላኪልኝ፣ ከግድግዳ ጋር ማውራት ጀምሬአለሁ» ትለኝ ነበር።

ለእሷ ሊንክ በስልክ ላክሁላት። ስልክ ቁጥራቸውን ለማናውቃቸውስ? ልጆች ትምህርት ቤት ስናደርስ በር ላይ የምናገኛት፣ በቃላ ውስጥ ዳቦ ስትገዛ አማርኛዋን የምንሰማት፣ ቁጥሯን ለማታውቀው ሰው ለመስጠት የምትፈራ፣ ወይም ማዳም ስልኳን እየከፈተች የምታይባት አለች። ለእሷ ምን እናቀብላት?

አንድ ቀን ከማዳምና ከልጆቹ ጋር ምግብ ቤት ገባን። የምግብ ዝርዝር የሚባል ወረቀት የለም። ጠረጴዛው ላይ ጥቁርና ነጭ ነጠብጣብ ያለበት ትንሽ አራት ማዕዘን ተለጥፏል። ትልቁ ልጅ ስልኩን ዘረጋበት፣ የምግቡ ዝርዝር ከነፎቶው መጣ። እኔ ነገሩን በኮሮና ጊዜ ተወከልና ላይ ስላየሁት አዲስ አልሆነብኝም። ግን የዚያን ቀን «ምግብ በዚህ ከመጣ መጽሐፍስ ለምን አይመጣም?» አልኩ በልቤ። እንደ መታወቂያ የምታህል ካርድ አሳተምን። ካርዷን በእጅ መስጠት ነው፤ ስልክ ቁጥር መለዋወጥ የለም፣ ስም መጠያየቅ የለም። ቤቷ ገብታ፣ በሯን ዘግታ፣ ካሜራዋን ስትዘረጋበት የሚነበብና የሚደመጥ ነገር ታገኛለች።

ነገሩ ምንድን ነው?

ብዙዎቻችሁ ስለ ጠየቃችሁኝ በአጭሩ ላስረዳ። ኪው አር ኮድ የተሠራው ጃፓን አገር እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። ደንሶ ዌቭ በሚባል ድርጅት ውስጥ ማሳሂሮ ሃራ የሚባል መሐንዲስ ከባልደረቦቹ ጋር ሠራው። ለመጽሐፍ ብሎ አይደለም፣ ለመኪና መለዋወጫ ነው። በፊት የነበረው ባለ መስመር ኮድ፣ ሱፐርማርኬት ዕቃ ላይ የምናየው፣ ጥቂት ቁጥር ብቻ ነው የሚይዘው። ስለዚህ ሠራተኛው አንድ ሣጥን ለመመዝገብ ብዙ ኮድ ማንበብ ነበረበት። አዲሱ ግን ወደ ጎንም ወደ ታችም ስለሚጽፍ እስከ 7,089 ቁጥር ይይዛል። ድርጅቱ ባለቤትነቱን ቢያስመዘግብም ሰው ሁሉ ያለ ክፍያ እንዲጠቀምበት ስለ ፈቀደ ነው ዛሬ እኛም ሳንከፍል የምንሠራው።

ሦስቱ ማዕዘን ላይ ያሉትን ትልልቅ ካሬዎች ተመልከቷቸው። ስልኩ ላይና ታቹን የሚለየው በእነሱ ነው፤ ለዚህ ነው ካርዱን ገልብጣችሁ ብትይዙት እንኳ የሚያነበው። ትንሽ ቢቀደድ ወይም ዘይት ቢነካው የሚነበበው ደግሞ ጽሑፉ ውስጥ መጠባበቂያ ስላለው ነው። በደንብ ከተሠራ እስከ 30 በመቶ የሚሆነው ቢበላሽም ይነበባል። የወጥ ቤት ሰው ለሆነ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ዋናው ነገር ግን ይህ ነው። ኮዱ ራሱ መጽሐፍ አይደለም። አድራሻ ነው። «እዚህ ቤት ሂጂ» የሚል የተጻፈ አድራሻ። አድራሻውን በዓይናችን ማንበብ ስለማንችል የምንሄድበትን ቤት ሳናውቅ ነው የምንሄደው። ጥቅሙም አደጋውም ከዚህ ይመጣል።

ሌሎች እንዴት ተጠቀሙበት?

ቤተ መጻሕፍት ሲባል ትልቅ ሕንፃ ነው የሚታየን። እዚህ ቅርባችን በኦላያ መንገድና በንጉሥ ፋህድ መንገድ መካከል የንጉሥ ፋህድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት አለ። ያ በነጭ ሸራ የተሸፈነው ትልቁ ሕንፃ ነው፤ ሜትሮው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 ከተከፈተ ወዲህ በስሙ የተጠራ ጣቢያም አለው። አገራችንም አራት ኪሎ ላይ አብርሆት ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ተከፍቷል። ሁለቱም ደስ ይላሉ። ነገር ግን ሰው ወደ እነሱ መሄድ አለበት። የእኛ ሰው መሄድ አይችልም። ስለዚህ የእኛ መደርደሪያ ነው ወደ ሰው መሄድ ያለበት።

በዚህ እኛ የመጀመሪያዎቹ አይደለንም። ኦስትሪያ አገር ክላገንፉርት የምትባል ከተማ አለች። የራሷ የከተማ ቤተ መጻሕፍት አልነበራትም። እ.ኤ.አ. በ2012 ጥቂት ሰዎች ተነስተው 70 ያህል ስቲከሮች በከተማው ውስጥ ለጠፉ። እያንዳንዱ ስቲከር ላይ ኮድ አለ፤ ስልክ ሲዘረጋበት የደራሲው የመብት ዘመን ያለፈበት መጽሐፍ በነፃ ይወርዳል። ሥራውን «ኢንገቦርግ» አሉት፤ እዚያች ከተማ በተወለደችው ደራሲ በኢንገቦርግ ባኽማን ስም ነው። ይህን ሳነብ ምን እንዳልኩ ታውቃላችሁ? ሕንፃ የሌለው ከተማ በስቲከር ቤተ መጻሕፍት ካገኘ፣ ዓርብ የሌለው ሰውም በካርድ ያገኛል አልኩ።

ኮዱ ውስጥ ምን እናስገባ?

እዚህ ላይ ተከራክረናል። አንዳንዶቻችሁ «ፍቅር እስከ መቃብርን በፒዲኤፍ አግኝተናል፣ እሱን አስገቢው» ብላችሁኛል። እኔም እወደዋለሁ። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተረከውን እየሰማሁ ስንት ክምር ልብስ እንደ ተኮስኩ እኔ አውቃለሁ። ግን የሰው ላብ ነው። የአገራችን አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደራሲው በሕይወት ሳለና ካረፈ በኋላ 50 ዓመት መብቱን ይጠብቃል። ሀዲስ አለማየሁ ያረፉት በ1996 ዓ.ም. ነው፤ ገና ብዙ ይቀራል። እኛ ላባችንን ሲበሉብን የምናለቅስ ሰዎች የሌላውን ላብ በነፃ ብንበትን ደስ አይልም።

ስለዚህ በሁለት ከፈልነው። ጊዜያቸው ያለፈውን ሙሉውን እናስገባለን። ለምሳሌ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተሙት፣ ጦቢያ እያልን የምናውቀው የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ አለ። የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ መጻሕፍትም አሉ፤ እሳቸውም እንደኛ በስደት ኖረው በሰው አገር፣ እንግሊዝ ውስጥ ነው ያረፉት። አማርኛው ከበድ ስለሚል ከእኛ መካከል ጥሩ ድምፅ ያላቸው እህቶች እያነበቡ እየቀረጹት ነው። መብታቸው የተጠበቀውን መጻሕፍት ግን በወረቀት እናውሳለን፤ ኮዱ ስለ መጽሐፉ ራሳችን የጻፍናትን አጭር መግለጫ ብቻ ያሳያል።

ድምፁን ስንቀርጽ ካርድ እንዳይበላ አሳንሰን ነው። በ64 ኪሎ ቢት የተቀረጸ የአንድ ሰዓት ንባብ ወደ 29 ሜጋ ባይት ነው። ቪዲዮ ከማየት በጣም ያነሰ ነው።

የተሳሳትኩት

ጥፋቴንም ልንገራችሁ። የመጀመሪያዎቹን ካርዶች የሠራሁት ኢንተርኔት ላይ «ነፃ» በሚል ድረ ገጽ ነበር። ሁለት ሳምንት በደንብ ሠራ። ከዚያ ሰው ሲያነበው «ጊዜው አልፏል፣ ክፈሉ» ማለት ጀመረ። ያሳተምነው ካርድ ሁሉ ቆሻሻ ሆነ። ለካ ኮድ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የእኛን አድራሻ ራሱን ይይዛል፤ እሱ ጊዜ አያልፍበትም፣ አድራሻው እስካለ ይሠራል። ሌላው የድርጅቱን አድራሻ ይይዝና እነሱ ናቸው ወደኛ የሚያሻግሩት። እነሱ ሲዘጉት ይዘጋል፤ ከፈለጉም ማን መቼ እንዳነበበው ይቆጥራሉ። አሁን የምንጠቀመው የመጀመሪያውን ነው። ስልካችሁ ላይ በክሮም ገጹን ከፍታችሁ «አጋራ» የሚለውን ስትነኩ ኪው አር ኮድ ይሠራላችኋል፤ መመዝገብም መክፈልም የለም።

እንቅልፍ የነሳኝ ነገር

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ከሦስት ወር በፊት አንዲት እህታችን በልቅሶ ደወለችልኝ። መንገድ ዳር ምሰሶ ላይ በአማርኛ «መጽሐፍ በነፃ» የሚል ወረቀት ተለጥፎ አየች፤ ኮድም አለበት። ስካን አደረገች። የተከፈተው ገጽ ስልክ ቁጥሯን ጠየቃት፣ ሰጠች። ቀጥሎ ስምንት ፊደልና ቁጥር አሳያትና «ዋትሳፕሽን ክፈቺ፣ የተገናኙ መሣሪያዎች የሚለው ውስጥ ገብተሽ ይህን ጻፊ፣ መጽሐፉ ይመጣል» አላት። ጻፈች። መጽሐፍ አልመጣም። የመጣው ሌላ ሰው ነው። ዋትሳፕዋ በማታውቀው ሰው ኮምፒውተር ላይ ተከፈተ። በእሷ ስም አገር ቤት ላለው ወንድሟና እዚህ ላሉት ጓደኞቿ «ታምሜአለሁ፣ ቶሎ ገንዘብ» እያለ ጻፈላቸው። አንዷ ጓደኛዋ 500 ሪያል ላከች። ቀረ።

ገንዘቡ ያሳዝናል። እኔን ግን እንቅልፍ የነሳኝ የተናገረችው ቃል ነው። «የእናንተ ካርድ መስሎኝ ነው» አለችኝ። ሰው ማኅበራችንን አምኖ ነው ካሜራውን የሚከፍተው። ያንን እምነት ሌላ ሰው ተጠቀመበት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ደንብ አወጣሁ። በየካርዱ ጀርባም ጽፌዋለሁ። የመጽሐፍ ኮድ ይሰጣል እንጂ አይጠይቅም። ገጹ ሲከፈት ማንበብ ወይም ማዳመጥ ነው፣ አለቀ። ስልክ ቁጥር ከጠየቀ፣ ፓስወርድ ከጠየቀ፣ በመልእክት የመጣልሽን ቁጥር ንገሪኝ ካለ፣ ነፋዝ ወይም አብሽር ክፈቺ ካለ፣ ዋትሳፕ ውስጥ ግቢ ካለ፣ የመጽሐፍ ኮድ አይደለም። ዝጉት። የእኛ ምልክት ቢኖርበትም ዝጉት።

አሁኑኑ ሁላችሁም ስልካችሁን አውጡ እስቲ። ዋትሳፕ ክፈቱ፣ የተገናኙ መሣሪያዎች የሚለውን ተጫኑ። የማታውቁት ኮምፒውተር ካለ ንኩትና አስወጡት። ከዚያ ለምታውቋቸው ሁሉ ደውላችሁ በድምፃችሁ «በእኔ ስም ገንዘብ ከተጠየቃችሁ እኔ አይደለሁም» በሉ። (እዚህ ላይ አምስት ደቂቃ ያህል ቆመን አብረን አይተናል።)

ስለ ቀረበው ቅጽ

አሁን ለምን ቅጹን እንደማልደግፍ ገብቷችኋል። ሰውን «የሚጠይቅ ኮድ አትመኑ» ብለን አስተምረን፣ በማግስቱ እኛው የሚጠይቅ ኮድ ግድግዳ ላይ ብንለጥፍ ትምህርታችንን ራሳችን አፈረስነው ማለት ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ሌባ የእኛን አስመስሎ ለመሥራት አይቸገርም።

ሌላም አለ። የሁላችን ስም፣ ኢቃማ ቁጥር፣ ስልክና የሥራ ሰፈር በአንድ ዝርዝር ላይ ተቀምጦ አስቡት። ማን ይጠብቀዋል? የማን ስልክ ላይ ይቀመጣል? ያ ስልክ ቢጠፋስ? ደብተር ቢጠፋ ደብተር ነው የሚጠፋው። ያ ዝርዝር ከወጣ ግን ተመልሶ አይሰበሰብም። ደግሞ ኢቃማዋ ያለቀባት እህት ያንን ቅጽ ስታይ መጽሐፉን ቀስ ብላ መልሳ ታስቀምጣለች፤ ሁለተኛ አትመጣም። ከማናችንም በላይ መጽሐፍ የሚያስፈልጋት ግን እሷ ናት።

እኔ 10ኛ ክፍል ስማር የትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት መታወቂያ ይዞ ነበር መጽሐፍ የሚሰጠው። ያኔ ምንም አይመስለኝም ነበር። እዚህ ከመጣሁ በኋላ ግን ወረቀቴ በሰው እጅ መሆን ምን ማለት እንደ ሆነ አወቅሁ። እናንተም ታውቁታላችሁ። ስለዚህ እኔ በዚህ መደርደሪያ ላይ እስካለሁ የማንንም ኢቃማ፣ ቁጥሩንም ቢሆን፣ መያዣ ብዬ አልቀበልም።

«ታዲያ የሚጠፋው መጽሐፍስ?» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፣ ይጠፋል። መፍትሔው ግን ከቤታችን አለ። ዕቁብ ስንጥል ምን እናደርጋለን? ዋስ እንጠራለን። መጽሐፍም እንዲሁ ይሁን። አዲስ ሰው መጽሐፍ ሲወስድ አንድ የምናውቀው አባል «እኔ አለሁ» ይበልለት። ደብተሩ ላይ የመጽሐፉ ቁጥር፣ የቤት ስሙ ወይም የቁልምጫ ስሙ፣ የዋሱ ስም። በቃ። ከጠፋም ዋሱ ይጠይቃል፤ ሰውን ሰው ነው የሚያፍረው፣ ቅጽን ማንም አያፍረውም።

ስልክ የሌላቸውስ?

አንድ ነገር እንዳይረሳ። ኮዱን ስናወድስ ስልክ የተወሰደባት፣ ስልኳ ካሜራው የማይሠራ፣ ወይም ፊደል ያልቆጠረች እህት እንዳለች እንዳንረሳ። ለእሷ ኮዱ ነጠብጣብ ነው። ስለዚህ ወረቀት መጽሐፉም ደብተሩም አይቀርም። ዓርብ ከስብሰባ በፊት ግማሽ ሰዓት ጮክ ብሎ ማንበብም ይቀጥል። ባለፈው ወር እትዬ ዓይናቸውን ጨፍነው ሲያዳምጡ ቆይተው «ነገ ምን ሆነች?» ብለው ሲጠይቁ ሁላችንም ስቀናል። ዓርቡ ሲደርስ ግን ቀድመው መጥተው የተቀመጡት እሳቸው ናቸው።

እንድትወስኑልኝ የምለምነው

አንደኛ፣ ደብተሩ ይቆይ፤ ለአዲስ ተዋሽ ዋስ ይጨመር። ሁለተኛ፣ ኮዱ ለማንበብና ለማዳመጥ ብቻ ይሁን፤ ምንም ዓይነት መረጃ አይሰብስብ። ሦስተኛ፣ ሁለት አባላት ይመረጡና በየወሩ መጀመሪያ ዓርብ ኮዶቹን ሁሉ በተለያየ ስልክ ይሞክሩ። ሲሞክሩ ስቲከሩን በጥፍራቸው ይዳስሱት፤ በእኛ ላይ ሌላ ተለጥፎበት ሊሆን ይችላል። አራተኛ፣ አዲስ ካርድ ሲታተም ጥቁር በነጭ ይሁን፣ ዙሪያው ነጭ ይተው፣ የሚያብለጨልጭ ፕላስቲክ አይደረግበት፤ መብራት ሲያርፍበት ካሜራው አያነበውም። ለእጅ ካርድ 2 ሴንቲ ሜትር ይበቃል፤ ለግድግዳ ግን ሰው ከቆመበት ርቀት አሥር አንድ እጅ ያህል ይሁን። ሁለት ሜትር ርቀት ከሆነ 20 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው።

ያቺ ሰባት ወር ያልወጣችው እህት ዛሬም አልመጣችም። ትናንት ማታ ግን መልእክት ልካልኛለች። ሦስት ካርድ ይላክልኝ ብላለች፤ አንዱን ለጎረቤት ቤት ሠራተኛ፣ አንዱን ቆሻሻ ስትጥል ለምታገኛት ልጅ፣ አንዱን ደግሞ «ለማላውቃት» አለች። ለማታውቃት ሰው የምትሰጠው ካርድ የማይጎዳ መሆኑን ማረጋገጥ የእኛ ሥራ ነው። ካርዶቹን ለሰፈሩ የምትቀርብ ካለች ከስብሰባው በኋላ ከእኔ ትውሰድ።

 

(ከውይይት በኋላ አራቱም ሐሳቦች በእጅ ብልጫ ጸድቀዋል። ኮዶቹን የሚሞክሩ ሁለት አባላት ተመርጠዋል። ካርድ የሚፈልግ ዓርብ መደርደሪያው አጠገብ ያገኛል።)